ሶሬቲ ተኝታ ነበር

ለማከብርዎ አባቴ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እማዬስ ደህና ናት? አዝመራውስ ገባ? እኔ አልሐምዱሊላህ አካሌ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። የእናንተ ኔትወርክ አሁንም ስላልተመለሰ ነው በወረቀት የምጽፍልዎት።

ጎሮ አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖረውን ሶሬቲን ነግሬዎት የለ? የወለጋዋን፣ ልጅ ያላትን። ልጇን ሳንባ ምች ይዞባት ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ረቡዕ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ድፍት ብላ አንቀላፋች። የስፌት መስመሩ ተቆጣጣሪ እኔ ስለሆንኩ አለቃችን አቶ ቃልአብ ቢሮ ጠርቶ ቅጽ ሰጠኝና ያየሽውን ብቻ ጻፊ አለኝ። ተኝታ ነበር ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

አባዬ፣ ሞኝነቴን ልንገርዎት። እርስዎ ለሽምግልና ሲቀመጡ፣ ምስክሩን ሰምተው ሲያበቁ፣ አሁንስ ምን ይሻላል ብለው እሱኑ መልሰው ይጠይቁታል አይደል? እኔም እጠየቃለሁ ብዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ! የልጇን መታመም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንዳልቀረች፣ ሁሉን ለዚያ ጥያቄ አስቀምጬው ነበር። አቶ ቃልአብ ቀና ብሎ፣ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ወደ ሥራሽ አለኝ። በማግስቱ ሶሬቲን አባረሯት።

ሮጬ ሄጄ ይሄ ግፍ ነው አልኩት። አልተቆጣም እኮ! ከጻፍሽው ውስጥ ውሸቱ የቱ ነው ብሎ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ወላሂ አንድም ውሸት የለበትም። ግን ተኝታ ነበር ማለት ትባረር ማለት ነው እንዴ? ይህን ሳልለው ወጣሁ፤ ቅጹም ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ሶሬቲም አልወቀሰችኝም። እውነቱን ነው የጻፍሽው አለችና ልጇን አዝላ ከክፍላችን ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ዓለምሰገድ የሚባል የመስመራችን ሠራተኛ አርፍዶ ገባ ተብሎ ሌላ ቅጽ ተሰጥቶኛል። አርፍዷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ለምን እንዳረፈደም አውቃለሁ። ምን ልጻፍ አባዬ? ጨነቀኝ፣ ይንገሩኝ።

እማዬን ጉልበትሽን ስሜያለሁ ብላለች ይበሉልኝ። እህቴን ሪሀናን ናፍቄሻለሁ ብላለች ይበሏት። ወንድሜ ሃይደር ትምህርቱን እንዳይተው አደራ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎት ሹፌሩ ሰይድ ነው፤ ከዚህ የሚነሣው ማክሰኞ ነው። እኔ ቅጹን ሰኞ ጠዋት አስረክቢ ተብያለሁ።

ልጅዎ ፈዲላ
ጎሮ፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.