የሰሚራ ሞተር አዲስ ማርሚታ

ውዷ ሰሚራ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። አላህ ማረፊያሽን ሰፊና ብርሃናማ ያድርግልሽ። ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ፤ ከቤታችን ጀርባ ያለው መስክ እንደገና ቢጫ ለብሷል። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፤ የስፌት መኪናው ላይ ጎብጬ ስለምውል ነው፤ ስትቆጪኝ የኖርሽበት ጉዳይ ስለሆነ አልዘረዝርልሽም። ልጃችን ሃናን የቡ ከተማ አስተማሪ ሆና ተቀጥራለች። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ ለጎረቤት ሁሉ አዳረስን። እስከ በራችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ያ ጎማሽን እየዋጠ ያስመርርሽ የነበረው ጭቃ ዛሬ የለም።

ይህን ሁሉ የምልሽ ወደ ዋናው ነገር ለመድረስ ስለከበደኝ ነው። የሞተርሽን ማርሚታ፣ ያንን ጩኸታም የጭስ ማውጫ፣ ቀየርነው። ከሌላ ሰው ሳይሆን ከኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ።

መጀመሪያ ሰሞን የሰፈር ሰው እንዴት ይስቅብን እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሚስት መሪውን ይዛ፣ ባል ከኋላ ተቀምጦ። «ነስሩ፣ ዛሬም ተጭነህ ልትሄድ ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔን ግን ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ የእንስሳት ሐኪም ነሽ፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መቀመጥ እችልበታለሁ። እሁድ እሁድ ሱቄን ዘግቼ አብሬሽ እወጣለሁ፤ አንዳንዴ ወደ ሰርቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ የቡ። በተለይ ቡናው ባበበ ሰሞን፣ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ፣ መንገዱ ግራና ቀኙ ነጭ ይሆንና ሽታው ሄልሜቴ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ያስይዘኛል። ሄልሜቴ ያንቺን ሲነካው በክርንሽ ጎሸም ታደርጊኛለሽ። አንድ ጊዜ የቡ፣ የሽማግሌው ገበሬ የአባ ዲጋ ግቢ ስንደርስ እንቅልፌ ሳይለቀኝ ወርጄ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። አንቺ ጓንትሽን እያጠለቅሽ «አንተ ሰው፣ ዛሬ የታመመችው ላሟ ናት ወይስ አንተ?» አልሽኝ። አባ ዲጋ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

የሞተሩ ድምፅ ደግሞ ከሩቅ ይታወቅ ነበር። ማርሚታው ሆዱ ስር ይበሳል፣ በብየዳ ይደፈናል፣ እንደገና ይበሳል። የቡ ያሉ ገበሬዎች ከኮረብታው ማዶ ሲሰሙት «ዶክተሪን ዱፍቴ»፣ ዶክተሯ መጣች፣ እየተባባሉ ላሞቻቸውን እየጎተቱ ወደ መንገድ ይወጡ ነበር።

ከሄድሽ በኋላ ሞተሩን በረንዳ ላይ አቁሜ ከወፍራም ሸራ ልብስ ሰፋሁለት። ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሱብሂ ሰግጄ ጋደም ስል፣ በእንቅልፍና በንቃት መሃል ያ ድምፅ ይመጣል። ከአዌቱ ወንዝ ድልድይ ይነሳል፤ ዳገቱን ሲይዝ ይወፍራል፤ ማርሽ ስትቀይሪ ለአፍታ ያርፍና እንደገና ይቀጥላል። ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ። መንገዱ ላይ ጉም ብቻ ነው። ጉሙ ግን አሁን አንድ ነገር ያለፈበት ይመስል ሲላወስ አየዋለሁ፤ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። አንድ ጠዋት ሃናን በረንዳው ላይ ሆና አየችኝ። ገብታ ሻይ አፈላችልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው «አባ፣ የእማዬን ሞተር ልንዳው» ያለችኝ። ጠዋት ሚኒባስ ጥበቃ ቆሞ መዋሉ አድክሟታል። መንዳቱንስ አንቺው ራስሽ መስክ ላይ አስተምረሻታል። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ፍሬኑ ያረጀ ነው አልኩ፣ መንገዱ ይንሸራተታል አልኩ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ፍሬኑን ብቻ አልነበረም። በረንዳው ባዶ ሆኖ ማየትን ነው የፈራሁት።

«አባ፣ እማዬ እኮ ቆሞ እንዲቀመጥ አልገዛችውም» አለችኝ።

ሸራውን አብረን አወጣነው። ማስነሻውን ደጋግማ ረገጠችው፤ አልነሳ አለ፤ ከዚያ ድንገት ተነሳ። ድምፅሽን፣ ማለቴ ድምፁን፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሰማሁት። ወዲያው ማርሚታው ካንገቱ ተቆርጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ዝገት ውስጡን በልቶ ጨርሶት ኖሯል።

እየገፋን ከድር ጋ ወሰድነው፤ ያንኑ መካኒክሽን ከድርን ነው የምልሽ። የወደቀውን አንስቶ በጣቱ ሲጫነው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። «ይሄ ከእንግዲህ ብየዳ አይዝም፣ የሚበየድ ብረት የለውም» አለ። የፋብሪካው ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል፤ ለሌላ ሞተር የተሠራ አዲስ ማርሚታ ግን አለኝ፣ አስተካክዬ እገጥመዋለሁ አለን።

«ድምፁ እንደ ድሮው ይሆናል?» አልኩት።

«የድሮው ድምፅ እኮ ቀዳዳው ነበር፣ ነስሩ። ልብሳልህ እንዴ?»

ሃናን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሃል ላይ ተቆረጠና ዓይኔ እንባ ሞላ። ከድር የብሎን መፍቻ ቁልፉን በጨርቅ መጥረግ ያዘ፤ የጠዳውን ቁልፍ ደጋግሞ ይጠርገዋል።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። አሮጌዎቹ ብሎኖች በዝገት ተጣብቀው አልፈታ ብለው በዘይት ተነከሩ። አንዱ እዚያው ውስጥ ተሰበረና በመሰርሰሪያ ወጣ። ከድር ቱቦው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ላይ ጭስ እንዳያፈተልክ አዲስ ጓርኒሲዮን ደረበበት። አዲሱ ማርሚታ አጭርና ወፍራም ነው፤ ማንጠልጠያው የድሮው ቦታ ላይ አልደርስ ስላለ ከጠፍጣፋ ብረት ሌላ ቆርጦ ሠራለት። እኔ ማርሚታውን ደግፌ ያዝኩ። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጁ ብቻ አስያዛቸው፤ ሁሉም ቦታቸውን ካገኙ በኋላ ነው በቁልፍ ያጠበቃቸው። እኔም እጅጌ ስገጥም መጀመሪያ በክር እንደማስይዘው ነው። ሃናን ተቀምጣ ስትሞክረው የቀሚሷ ጫፍ ሲነዳ የሚግለው ብረት ላይ እንደሚያርፍ አየሁና መከለያ እንዲደርብበት ጠየቅሁት፤ ደረበበት።

ሲነሳ አዲሱ ብረት ላይ ያለው ቅባት ትንሽ ጨሰ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር ሰው ይመስላል። ከድር በሥራው ኮርቶ ፈገግ አለ። እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ አንቺን ፈለግሁሽ፤ አልነበርሽም። ሰሚራዬ፣ ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩሽ መሰለኝ። ማታ እራት አልበላሁም።

እሁድ ጠዋት ሃናን «ተነስ፣ አባ ዲጋን እንጠይቃቸው» አለችኝ። ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ከተማውን ስንወጣ ጉም ነው፤ መንገዱ ከፊታችን ትንሽ ትንሽ እየተፈጠረ ይሰጠናል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ሁሉ ዘመን በሄድኩበት መንገድ ሰምቼው የማላውቀው ነገር ሁሉ መጣ። የቦዩ ውኃ፣ ጥላው ዛፍ ላይ ያሉ ጉሬዛዎች፣ ቡና ለቃሚዎች ከቁጥቋጦው ውስጥ የሚጠራሩት። ከዚያ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ቅርብ፣ ደረቴ አጠገብ። ሃናን ናት። ለብቻዋ ታወራለች። ነገ ለልጆቹ የምታስተምረውን ትለማመዳለች፣ መንገድ ላይ የቆመውን አህያ «ና እስኪ፣ ጌታው፣ አሳልፈን» ትለዋለች፣ ደግሞ ታዜማለች። የማልሰማት መስሏት ነው።

ያኔ ነው ያሰብኩት። አንቺስ? በዚያ ጩኸት ውስጥ፣ ፊትሽን ወደ መንገዱ አዙረሽ፣ ስንት ነገር ብለሽኝ ሳልሰማሽ ቀርቼ ይሆን?

የቡ ስንደርስ የወጣ ሰው የለም፤ መምጣታችንን ማንም አልሰማም። አባ ዲጋ ቡና እያሰጡ ነበር። ቀና ሲሉ ሄልሜቱንና የሃናንን ቁመት አይተው አንቺ መሰልሻቸው፤ እጃቸው ፍሬው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ። «ልጇ ናት» አልኳቸው። ጭንቅላቷን ይዘው ሳሟት። ከዚያ ሞተሩን ዞረው አዩትና «ድምፁን ምን ነካው?» አሉ። ማርሚታው መቀየሩን፣ እኔም እንዳዘንኩ ነገርኳቸው።

«ቢቀየር ይሻላል፣ ያ ጩኸት ወሬዋን ሁሉ ይውጥባት ነበር» አሉኝ። «ያኔ ብቻዋን ስትመጣ፣ ሞተሩን ስታጠፋ ሁልጊዜ ወሬ ላይ ነው የምትያዘው። ከማን ጋር ነው የምታወሪው ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ እኮ፣ ስላት፣ ‹ከነስሩ ጋር ነኝ አባ፣ ቆይ ልጨርስለት› ትለኝ ነበር። ጨርሳ ነው የምትወርደው።»

«እኔ በሌለሁበት?» አልኳቸው።

«በነበርክበት ቀንማ ትተኛለህ» አሉኝ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ወደ በረቱ ጀርባ ዞር ብዬ ፊቴን ጠረግሁ።

ስንመለስ ጉሙ ተነስቶ ፀሐይ ቡናው ላይ አርፋለች። ከሃናን ጀርባ ሆኜ አወራሁልሽ። ስለ ኮብልስቶኑ፣ ስለ ወገቤ፣ ልጃችን ቀይ ቀሚስ ስፋልኝ ስላለችኝ። ሃናን ዞር ብላ «አባ፣ ምን አልከኝ?» አለች።

«ለእናትሽ ነው» አልኳት።

ነዳጁን ቀነስ አደረገችልኝ። ሞተሩ ይበልጥ ዝም አለ፤ መንገዱ በእርጋታ ከእግራችን ስር ይፈስ ጀመር። እኔም ቀጠልኩ።

ከእንግዲህ አንዳንድ ነገር ከእጄ እንደሚያመልጥ አውቃለሁ፤ መልክሽም አንዳንድ ቀን ይደበዝዝብኝ ይሆናል። አንቺ ግን እኔ በሌለሁበት ስታወሪኝ ኖረሻል። እኔም እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ስምሽን ጠርቼ፣ ውሎዬን ነግሬሽ፣ ዱዓ አድርጌልሽ ነው የማመሸው። አልረሳሽም፣ ሰሚራዬ።

ባልሽ ነስሩ
ጅማ