ጋኑ ላይ የተኛችው ሴት

ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ፣ የእናትሽ ወገብ፣ የደሴትሽ የኤጊና ነፋስ እንዴት ነው? እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ። እሱም የእቶን ጭስ ያሳደገው ስለሆነ ቤተሰብ ሆኗል።

ግን ተቀይሜሻለሁ። የላክሽልኝ የደረቀ በለስ ተጨፍልቆ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ደረሰኝ። በቢላዋ እየቆረጥኩ ነው የምበላው። ለአጎት እንዲህ ያለ ነገር ይላካል? መርከበኛውን ተቀምጠህበት ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው ሳቀ እንጂ አልካደም።

የበለሱን ነገር ያስረዘምኩት ይህን ላለመጻፍ ነው፦ ቴሌሲኖስ አገባ። ወንድ አልወለድሽልኝም ብሎ፣ ልጅሽን አስቀርቶ ካባረረሽ ዓመት ሳይሞላ ከገጠር ሌላ ሚስት አመጣ። ለሰርጉ የወይን ማደባለቂያ ጋን እንድሠራለት ያዘዘውም እኔኑ ነው። የወይኑ አምላክ ዲዮኒሶስ አሪያድኔን ሲያገባት ሳልልኝ፣ ለሙሽሪት ገድ ነው አለኝ። ፊቱ እንኳ አልቀላም።

እሺ ጌታዬ አልኩትና ከሠርጉ በፊት የሆነውን ሳልኩለት። ጀግናው ቴሴዎስ ሕይወቱን ያተረፈችለትን አሪያድኔን ደሴት ላይ እንደተኛች ጥሏት፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደ መርከቡ ሲሾልክ። ለቴሴዎስ የቴሌሲኖስን ሰባራ አፍንጫ ሰጠሁት። አሪያድኔን አንቺ እንደምትተኚው አስተኛኋት፤ አንድ እጅሽን ከራስሽ በላይ ጥለሽ፣ በሌላው የልብስሽን ጫፍ ጨብጠሽ። ሥራውን ሊያይ መጥቶ ነበር። እንደምታውቂው ቀለሙ እሳት እስኪያገኘው ድረስ ከሸክላው አይለይም። ጋኑን አዙሮ አዙሮ አየና፣ ቴሴዎስ ዲዮኒሶስ መስሎት፣ ዲዮኒሶስን ወፈር አድርገው ብሎኝ ሄደ።

በግብዣው ዕለት ጋኑን ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩ። ሲያፍር ልየው ብዬ በሩ ጋ ቆምኩ። እሱ ግን ቀረብ ብሎ አየና «እንደተኛች ጥሏት ይሄዳል? ይሄ ደግሞ ሰው ነው?» አለ። የገዛ አፍንጫውን እያየ ከጓደኞቹ ጋር ሳቀ፣ ጽዋውን ሞላ። ለእኔ ቁራሽ ዓሣ ሰጥተው አሰናበቱኝ። በላሁት ደግሞ።

የባሰውን ትናንት ገበያ ያገኘኋት የልጅሽ ሞግዚት ነገረችኝ። ለልጅሽም ለአዲሷ ሚስትም ሞተሻል ተብሏል። በቁምሽ ቀብሮሻል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አማልክትና ጀግና የሳልኩት ለካ ሰካራም እንዲስቅበት ነው። አንቺንም ፊደል ያስቆጠርኩሽ ጋን ላይ ከተጻፉ ስሞች ነው፤ ከዚያ ሌላ ያደረግኩልሽ

በሩ ተንኳኳ። ቆዪኝ።

ፊቷን የተሸፈነች ሴት ናት። አዲሷ ሚስት። ቴሌሲኖስ ወደ እርሻው ወጥቷል አለች። ቁጭ በይ ብላትም እንቢ አለች።

«አባቴ፣ ልጅቷ ጋኑን ባየች ቁጥር ‹እናቴ ተኝታለች› ትለኛለች» አለችኝ። «ሴትዮዋ በሕይወት አለች?»

ኤጊና ናት አልኳት። ከዚያ መርከቡ መቼ እንደሚነሣ ጠየቀችኝ።

ይህን ስጽፍ እሷ ትታልኝ የሄደችው አንድ ትንሽ እንግዳ ከጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጧል። ያን የተጣበቀ በለስ ቢላዋ ሳይፈልግ በጥርሱ እየገነጠለ ነው።

ፖሴይዶን ባሕሩን ያረጋጋላችሁ። እናትሽን ወገቧን ይማርልኝ። የሚቀጥለውን መርከብ ቤት ሆነሽ አትጠብቂ፣ ወደቡ ድረስ ውረጂ። ከእንግዲህ በለስ ለእኔ አትላኪ፤ የሚበላው ወደዚያው እየመጣ ነው።

የሚያበሽቅሽ አጎትሽ