የዘሃራ ቦታ

ኻርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ሐምሌ 1996 ዓ.ም.

እማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አያ እንድሪስ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ። ሰው ሲጽፍ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝ ይላል፤ እኔ እንኳ መዋሸት አልችልበትም። ብዙ ነገር ጎድሎብኛል። የአንቺ መጉደል ግን ከሁሉም ይብሳል።

የስምንተኛ ክፍል ነገር እንዴት ሆነ ብለሽ በኢሳ ልከሽብኝ ነበር። ኢሳን ታውቂው የለ፣ በጋላባት በኩል ዕቃ እያመላለሰ የሰውን ጉዳይ ሁሉ የሚያዳርስ ነው። ለእሱ ከነገርኩት አንቺ ጋ ሳይደርስ መተማ ላይ ሌላ ታሪክ ይሆናልና ራሴ ልጻፍልሽ።

ለአያቴ ልቅሶ የሄድሽው መስከረም ላይ ነበር። የአርባዋን ሰደቃ አድርሼ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ሪያድ ሰፈር፣ ማዳም ቤት ገብተሽ የሥራ ቦታዬን ያዥልኝ አልሽኝ። መቼም የእኛ ሰው ወግ ነው፤ እዚህ አገር አንዷ ስትወልድ ወይ አገሯ ስትገባ እህቷን ወይ ልጇን ተክታ ነው የምትሄደው። ባዕድ ከገባ ቤቱ አመለጠ ማለት ነው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገትሽን አውጥተሽ፣ አንድዬ ልጄ፣ በእኔ ስም ሲጠሩሽ አቤት በይ፣ አትከራከሪያቸው አልሽኝ። እሺ አልኩ። ለጥቂት ሳምንት መስሎኝ ነዋ።

እንዳልሽውም ሆነ። ማዳም ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ዘሃራ ሲል የኖረ ምላሴን አሁን ምን ላድርገው ብላ ሳቀች። እናቷ ሐቦባ ደግሞ ዓይናቸው ስለደከመ ከነጭራሹ አንቺ ነኝ ብለው ነው የሚያምኑት። ከአልጋቸው ሆነው ያ ዘሃራ ሲሉ አቤት እላለሁ። እግራቸውን በዘይት ሳሽላቸው ልጅሽ እንዴት ናት ይሉኛል። ደህና ናት፣ ትማራለች እላቸዋለሁ። አላህ ያሳድግልሽ ሲሉ አሚን እላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር።

ያተረፈኝ በሐበሻው ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈረቃ ከሰዓት መሆኑ ነው። ጠዋት ግቢውን ጠርጌ፣ ልብሱን አጥቤ፣ ምሳውን አቅርቤ፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ በሀፍላ አውቶቡስ እሮጣለሁ። ለሰልፍ የደረስኩበት ቀን ጥቂት ነው። ቲቸር ዘርይሁን፣ ያማርኛ አስተማሪያችን፣ በሩ ላይ ቆመው የሪያዷ እመቤት መጣችልን ይሉኛል። ቆንጥጠውኝ ግን አያውቁም። እጄ በኦሞ ተልጦ ሲያዩት ጊዜ የቤት ሥራ ያልሠራሁበትን ቀን እንኳ አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል።

አጠገቤ የምትቀመጠው የወይንሸት ልጅ መሲ ናት። ሚኒ ሚዲያ ገባችና እኔንም ሳትጠይቀኝ አስመዘገበችኝ። በዕረፍት ሰዓት ማስታወቂያ አነባለሁ። የጠፋ ደብተር፣ የተገኘ ጫማ፣ የሰባተኛ ክፍል ኳስ ቡድን ተሸነፈ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። መብራት የጠፋ ቀን ያለ ማይክሮፎን እጮኻለሁ። በረመዳን መሲ የፉል ሳንድዊቿን ከጀርባዬ ተደብቃ ትበላና አልሸተተሽም አይደል ትለኛለች። በጥሬ ሽንኩርት የተሞላ ፉል ያልሸተተ ምን ይሸታል? ግን በዚያ ወር ትምህርት ቤት የዋልኩት እጅግም አይደለም። የማዳም ቤት በየቀኑ የኢፍጣር እንግዳ ነበረበት። መሲ ያለፈኝን ሁሉ ገልብጣ ጁምዓ ጁምዓ እዚህ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ድረስ ታመጣልኝ ነበር።

ጁምዓ ስል፣ በፊት እኔ እዚህ ከአክስቴ ዘሊካ ጋር እየኖርኩ አንቺ ነበርሽ ከሪያድ የምትመጪው። ከአስፋልቱ ማዶ ከሪክሻ ስትወርጂ ገና ከሩቅ በአካሄድሽ እለይሽ ነበር። አሁን የምመጣው እኔ ነኝ። ከሪክሻው ስወርድ ማንም ቆሞ አይጠብቀኝም፤ ያም ሆኖ እዚያች ቦታ ስደርስ አቀርቅሬ መሄድ አልችልም፣ ቀና እላለሁ።

የካቲት ላይ ሽርሽር ወሰዱን፣ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት። ነጩ ሰፊ ነው፣ ዝም ያለ። ቲቸር ዘርይሁን ሌላኛውን፣ ጥቁር ዓባይን፣ ይኼኛው ከእኛ አገር የሚመጣው ነው ብለው ሲያሳዩን ልጁ ሁሉ ጫማውን አውልቆ ገባ። መሲ፣ በይ ለእናትሽ ሰላም በይበት አለችኝ። ውሃው ወደዚህ ይመጣል እንጂ ወደዚያ አይመለስ አልኳት። እኔ ለቀልድ ነበር ያልኩት፣ ግን ጫማዬን አንስቼ ከውሃው ወጣሁ።

ሚያዝያ ላይ ኢሳ መጣ። አክስቴ ዘሊካ ቤት ቁጭ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው። ኒካሕ ማሰርሽን፣ አያ እንድሪስ ደግ ሰው መሆኑን፣ ቤቱ ቆርቆሮ መሆኑን። ወፍራለች፣ አምሮባታል፣ ውሃ እንኳ ሰው ነው የሚቀዳላት አለ። እኔ ሐብሐብ እየቆረጥኩ ነበር፣ ቆርጬ ጨረስኩና አቀረብኩለት። እማ፣ ይኼን ከኢሳ አፍ መስማት ነበረብኝ? አንድ መስመር ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት? በጣም ነው የተናደድኩብሽ። ለመሲ እንኳ አልነገርኳትም። የነገርኩት ለሐቦባ ብቻ ነው። እግራቸውን እያሸሁ፣ ሐቦባ፣ አገባሁ እኮ አልኳቸው። መብሩክ ያ ዘሃራ አሉና እጄን ያዙኝ። ከዚያ ልጅሽስ ከማን ጋር ትሆናለች ብለው ጠየቁኝ። ዘይት ጨምሬ ሌላኛውን እግራቸውን ማሸት ጀመርኩ።

ሰኔ ላይ ፈተናው ደረሰ። ማዳም የፈተናውን ጠዋቶች ፈቀደችልኝ፤ ክፉ ሴት እንዳልሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። ፈታኙ የማናውቀው ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፣ የተጠራ ይገባል። ሬሕማ ዛኪር አለ። ዝም። ደገመው። አሁንም ዝም። እኔ እርሳሴን እየቀረጽኩ፣ ምን ዓይነቷ ናት በፈተና ቀን የምትቀር እላለሁ በሆዴ። ሰውዬው ቀሪ ብሎ ሊጽፍብኝ ሲል መሲ ጎኔን በክርኗ ደቁሳ፣ አንቺ፣ ምን ነክቶሻል፣ አንቺን እኮ ነው አለችኝ። ቲቸር ዘርይሁንም ከወዲያ እየሮጡ መጥተው አለች፣ ይቺውና አሉልኝ። ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ፣ ቤት ውስጥ ዘሃራ ስለሚሉኝ ነው አልኩ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፈተናው ሲያልቅ ግን ቧንቧው ጋ ሄጄ ፊቴን እየታጠብኩ አለቀስኩ። ስሜን ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ከሄድሽ ወዲህ በዚያ ቤት አንድም ሰው በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ናፈቅሽኝ ስልሽ ይኼ ሁሉ አለበት፤ አንቺ ሬሕማ ስትይ ያለው ድምፅሽ ነው የናፈቀኝ።

ውጤቱ ተለጥፏል። አልፌያለሁ፣ ያውም ደህና አድርጌ። መሲም አልፋለች፣ ከእኔ በታች ናት ግን፤ ይኼን ለእናቷ እንዳትጽፊ።

የዘጠነኛ ክፍል ፈረቃ ጠዋት ነው። ነገሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት የሪያድ ቤት ነው፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ቦታሽን ከለቀቅሁት ስትመለሺ የምትገቢበት የለሽም። ካልለቀቅሁት ደግሞ ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ አበቃ። ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ምናልባት ብትመጣስ እላለሁ፣ ደግሞ ኢሳ ያለው ትዝ ይለኛል። አክስቴ ዘሊካን ባማክራት፣ ለሞተ ሰደቃ ይወጣል፣ ላገባ ሰው ግን ቦታ አይያዝም አለችኝ። ምላሷን ታውቂያለሽ። ከተናገረች በኋላ እሷም ደነገጠችና ራሴን ትዳብሰኝ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ማዳም ሻይ እየጠጣች ሄጄ፣ ትምህርት ሲከፈት ስለማልችል ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት። ዘሃራ ስትመጣስ ምን እላታለሁ አለችኝ። አትመጣም አልኳት። እማ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ለራሴም ተናግሬው አላውቅም። ከወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ማዳም የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ለመሆኑ ስምሽ ማን ነው አለችኝ። ነገርኳት።

ሐቦባን ሳልሰናበት መውጣት አልሆነልኝም። ጉልበታቸውን ስስም ዘሃራ፣ ወዴት ነው አሉኝ። ወደ ልጄ አልኳቸው። እሰይ፣ ደግ አደረግሽ፣ ልጅ ያለ እናት አይሆንም አሉ።

አሁን አክስቴ ዘሊካ ጋ ነኝ። ተቆጥቼ እንደሆነ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ሲያሻኝ እቆጣለሁ፣ ሲያልፍልኝ ደግሞ ትናፍቂኛለሽ። ቦታሽን አልጠበቅሁልሽም፣ አፉ በይኝ። እኔን ከፈለግሽ ግን እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ ነኝ፣ ጁምዓም አይጠበቅም፣ በማናቸውም ቀን ብትመጪ ታገኚኛለሽ።

በኢሳ እጅ ቀሚስ ልኬልሻለሁ። ሰፊ ነው ብለሽ እንዳታጠብቢው፣ ሆን ብዬ ነው ሰፊ ያደረግሁት። ከባድ ነገር አታንሺ። ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ለአያ እንድሪስ ሰላም ብላሃለች በይልኝ፣ ውሃውን መቅዳቱን እንዳይተው። ዱዓሽ አይለየኝ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ በሰላም ያገላግልሽ።

ትልቋ ልጅሽ