አስራ ሰባት ባቄላ

ደቀመሓረ፣ ታኅሣሥ 9

ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

የከሰላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? እኔ ከአንድ ጥርሴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም በዚያ በኩል ካላኘኩበት ዝም ይላል። ልጅህ ርሻን ጤናዋ ሙሉ ነው፤ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፤ የጎረቤታችን የመድህን ምላስም እንደ ድሮው ደህና ነው። ተመስገን።

ደብዳቤህን የሰጠኸው ሾፌር ራሱ እቤት ድረስ አመጣልኝ። ሁለቴ አነበብኩት። መጠጥ ከተውክ ሁለት ዓመት እንደሞላህ ጽፈሃል። ቀጥለህ ደግሞ «በርሻን ሰርግ ከምታፍሩብኝ ብቀር አይሻልም ወይ?» ብለሃል። መልሱን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ንዴቴን ላውጣ። ይኸው አራት ቀኔ፣ ሊጥ ሳቦካ እንኳ ብቻዬን እየተናገርኩ ነው።

ባለፈው እሑድ የመጠጥ ቆጠራ ነበር። እንደ ወጉ፣ የሙሽራው ሰዎች ስንት ሆነው እንደሚመጡ ሊያስታውቁን አባቱ አቶ ዕቁባይና እህታቸው አደይ ለተንኪኤል መጡ። አቶ ዕቁባይ «ስልሳ ነን፣ ከስልሳ አንድ ሰው አያልፍም» ብለው ማሉ። እኔ በልቤ ሰባ አልኩ። ቢራውን ለሹማምንቱና ለከተማ እንግዶች አስራ አምስት ሳጥን ብለን ቶሎ ጨረስን። ብቅልና ጌሾ የሚፈልገው ስዋው ነው ሥራው። መቼም የኛ ሰው ቢራ ጠጥቶም ስዋ ካልጠጣ «ሰርግ አልነበረም» ብሎ ነው የሚያወራው።

የእናታችንን ሰፌድ አወጣሁ። እሷ ስታደርግ እንዳየኸው ነው፤ ለቀማሽ ሽምብራ፣ ለጠጪ ባቄላ። ስልሳ ሽምብራ አንድ ጋን፣ ሃያ ባቄላም አንድ ጋን። በዚህ ስሌት ለስንቱ ሰርግ ስዋ አስጠምቄአለሁ፤ የታናሽ እህታችንን ሰርግ ካልቆጠርን፣ አንድም ዳስ ደርቆብኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። እኔ ስም እጠራለሁ፣ ቤቱ ይፈርዳል። «ቄሱስ?» ስል፣ አቶ ዕቁባይ «ሽምብራ» አሉ። መድህን «ሰው እያያቸው ነዋ ሽምብራ! ሰው ሲሄድ ባቄላ ናቸው» አለች። አደይ ለተንኪኤል ባላቸውን «የኔ ሰውዬ ሽምብራ ነው» ቢሉ፣ መድህን «አዎ፣ ግን ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ ነው፤ አብጧል» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ሳቁ ሳያልቅ አደይ ለተንኪኤል ወደ እኔ ዞር አሉና «የሙሽሪት አባትስ ይመጣል እንዴ?» አሉ።

«ይመጣል እንጂ» አልኳቸው።

እጃቸውን ባቄላው ውስጥ ከተው አንድ እፍኝ ዘገኑና ሰፌዱ ላይ ዘረገፉት። «ይሄ ለእሱ ብቻ ነው! ይበቃዋል ወይስ ልድገምለት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ዕቁባይ ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። መድህን፣ አብራኝ ያደገችው መድህን፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እኔ ቆጠርኩት። አስራ ሰባት ባቄላ! ሦስት ቢጨምሩበት ለአንድ ወንድሜ አንድ ሙሉ ጋን ሊመድቡለት ነው!

«አደይ ለተንኪኤል፣ ወንድሜ ሰው ነው እንጂ ወንዝ የሚያደርቅ በሬ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም» አልኳቸው።

«ማን አይቶት የኔ ልጅ? እሱ ከሰላ፣ እኛ እዚህ። ደብዳቤ እንደሆነ አፉ አይሸት» አሉኝ።

አቶ ዕቁባይም ጉሮሯቸውን ጠራርገው እንደ ሽማግሌ ሊናገሩ ጀመሩ። ነገር ከማምጣት ሰውየው እዚያው ይቀመጥ፤ ምርቃቱን በወረቀት ይላክልን፤ አጎቷ ቆሞ ያስረክባት አሉ። በወረቀት! የአባት ምርቃት የግብር ደረሰኝ ነው እንዴ? ደሜ ፈላ። ሰፌዱን ወደ እሳቸው ገፋሁና «እንግዲያው ስዋውንም በወረቀት ጠምቃችሁ ጠጡ። ወንድሜ በሌለበት እኔ ጌሾ በእጄ አልነካም!» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ለያን ያህል ሰው ስዋ የሚያደርስ ሌላ ሰው እንደሌላቸው ያውቃሉ።

ርሻን ሳህን ይዛ በር ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታ ኖሯል። ሳህኑን አስቀመጠች፤ መጥታ ሰፌዱ አጠገብ ተንበረከከች፤ ያንተን ባቄላ አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ቁናው መለሰችው። ምንም አልተካችበትም። አደይ ለተንኪኤል «ውይ ልጄ፣ አባትሽን ከቁጥር አወጣሽው?» አሏት።

«ከስዋው ነው ያወጣሁት አደይ፣ ከሰው አይደለም» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብታያት! እናቷ ነፍሷን ይማረውና ቁርጥ እሷን ነው የምትመስለው።

አቶ ዕቁባይ መሬት መሬቱን እያዩ «እሺ፣ ይምጣ» አሉ። «ግን እኔና ቄሱ መሃል ይቀመጥ።» እንደ እስረኛ! በሁለት ዘበኛ! ልነሳባቸው ስል ርሻን በጎን ቆነጠጠችኝና ቁጭ አልኩ። የቆነጠጠችኝ ቦታ እስካሁን ሰማያዊ ነው።

አንተም ብትሆን እኔ ስላንተ ተጣላሁ ብለህ እንዳትኮራ። ሰዎቹ ነገሩን ከሆዳቸው አልፈጠሩትም። በታናሽ እህታችን ሰርግ ጋኑን እንደ ዘመድ አቅፈህ «አልለቅም» ስትል ከነጋኑ መውደቅህን ማን ይረሳል? ዳሱ በስዋ ሲጥለቀለቅ ልጅህ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ጫማህን ከጭቃው ውስጥ የፈለገችው እሷ ናት። በሳምንቱ ለማንም ሳትነግር ሄድክ። ለእሷም! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ልብስ ልከሃል፣ ገንዘብ ልከሃል፤ እሷ ግን አውቶቡስ በቆመ ቁጥር አንገቷን ታሰግግ ነበር። ይሄንን ስጽፍልህ እንደገና ተናደድኩ።

ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ እነሱ ሲስቁ ያፈርኩት ባንተ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ስዋ ሻጯ እኔ፣ ቀጂዋም እኔ። «ሌላ ቤት ወድቆ ከሚያድር እኔ ዘንድ ይጠጣ» እያልኩ ዋንጫህ ሳይጎድል እሞላልህ ነበር። ደግ የሆንኩ መስሎኝ። ከእፍኙ ባቄላ ስንቱ የእኔ እንደሆነ አደይ ለተንኪኤል አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃ እያጠብን ርሻን «አሞይ፣ ለሰርጉ ብርዝ ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። ብርዝ የሕፃንና የበሽተኛ መጠጥ ነው፤ ከማደሩ ወደ ጠጅ ስለሚሄድም የሰርጉ ዕለት ጠዋት መበረዝ አለበት፣ እኔ ደግሞ ያን ጠዋት አሥር እጅ ቢኖረኝም አይበቃኝ አልኳት። «ትንሽ ናት» አለች። «ለስንት ሰው?» ብላት «ለሁለት» አለች። ሙሽራው ቢራ ነው የሚጠጣው። ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ እንግዲህ አንተው አስላው።

ስለዚህ ትመጣለህ። «ብቀር አይሻልም ወይ?» የሚለውን ቃል ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ። ሰርጉ ጥር አስራ ስምንት ነው፤ አንተ ግን ሳምንት ቀድመህ ግባ፣ ዳስ የሚተክል ወንድ ያንሰናል። ነጭ ልብስህን ይዘህ ና። ሽማግሌዎቹ መሃል ቢያስቀምጡህም ቀና ብለህ ተቀመጥ፤ አደይ ለተንኪኤል ዋንጫ ቢያቀርቡልህ እጅ ነስተህ መልስ፤ ነገር ቢወረውሩብህ ለእኔ ተውልኝ፣ ብዙ አጠራቅሜላቸዋለሁ።

ከአውቶቡስ ስትወርድ መንገዱን የማትስት ከሆነ ጥሩ። በራችን ላይ «ስዋ አለ» እያለ እንጨቱ ጫፍ ተደፍቶ የነበረውን ጣሳ ግን እያየህ እንዳትፈልገን፤ የለም። ዛሬ በዚያ በር የሚሸጠው ዳቦ ነው። ጣሳውን ያወረድኩት አንተ በሄድክ ማግስት ነው።

ከከሰላው መንገድ አሸዋውንም ሽፍታውንም ያርቅልህ። ያስጀመረህ አምላክ ያስጨርስህ። ልጅህን በእጅህ ለመመረቅ ያብቃህ።

ሰፌዱን ይዛ የምትጠብቅህ
እህትህ