የቡላ ከረሜላ

ሆሳዕና፣ የካቲት 5 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለትርፊት ገብረወልድ
ላይፕዚግ፣ ምሥራቅ ጀርመን

ልጄ ትርፊት፣ እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ያደርግሻል? እኛ ቤት ጤና ሞልቷል። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል፤ እሱን ደግሞ ከድሮም ታውቂዋለሽ፣ ሥራ አይወድም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴም ተናደድኩ። ልጅሽ ጠና ምላሱን ስለማይዝ «እህቴ ብርቅዬ ፎቶሽን ዕቃ የምትልከው ሴትዮ ትለዋለች» ብሎ ጻፈልሽ። አንቺ ደግሞ ይህን ይዘሽ «ልጄ ረስታኛለች፤ የቀረኝን ሁለት ዓመት ትቼ በሰኔ እመጣለሁ» ትይኛለሽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ትምህርት ይተዋል? እርግጥ ብላዋለች፤ አልዋሽሽም። ስትሄጂ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ስድስቷን ይዛለች። ምን እንድትልሽ ነበር የፈለግሽው? ለማንኛውም ቅሪ ወይም ነይ ከማለቴ በፊት ሰሞኑን እዚህ የሆነውን ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ።

ነገሩ የመጣው በአቶ ማቴዎስ እጅ ከላክሽው ከረሜላ ነው። በገና ማግስት ነው ያደረሰልን፤ እግዜር ይስጠው። ያ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር ልጆቹን አሳበዳቸው። ድብ ነው ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ድብ ማን አይቶ ያውቃል? ጠና ውሻ ነው አለ፣ ብርቅዬ የጠገበ ጅብ ነው አለች፣ በዚህ ሲጣሉ ዋሉ። ከረጢቱ ሁለት ቀን አልቆየም። ብርቅዬ ለጓደኛዋ ለሸምሲያ አንድ አስቀምጣ ነበር። ሸምሲያ ያኔ ፎንቆ ከተማ አያቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ብርቅዬ የሰው አደራ ዋጥ አድርጋ ጨርሳለች። ከዚያማ ለቅሶ በለቅሶ ሆነች። «አባባ፣ አንተ ሥራልኝ» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት ከረሜላ የሸጥኩ ሰው አልችልም ልበል? እሺ አልኩ። ለጠና በጻፍሽለት ደብዳቤ ላይ ፋብሪካው ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ሙጫ እንደሚጠቀም ነግረሽው የለ፤ በቃ፣ ያንቺን ወረቀት መመሪያ አድርጌ ሁለት የበሬ እግር ከሥጋ ቤት አስመጣሁ። ጠጉሩን ለብልበን፣ አጥበን፣ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ቀቀልነው። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ብትኖር እኔ ጓዳ ገብቼ ማማሰያ መያዜን አይታ ትስቅ ነበር ወይስ ታለቅስ ነበር፣ እንጃ። ሽታው ሰፈሩን አዳረሰው። ጎረቤታችን ገነቴ ደንግጣ መጣች፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ካልሆነ በቀር የበሬ እግር እንዲህ ቀኑን ሙሉ ማን ይቀቅላል? እግሬን አየች፣ እጄን አየች፣ «ጋሼ፣ ማን ወድቆ ነው?» አለችኝ። ከረሜላ ነው ስላት ድስቱን ከፍታ አየችና ወደ እኔ ዞረች። አረጀ ብላ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ማታ ላይ አጥልለን፣ ከቀበሌ የደረሰንን የወሩን ስኳር በሙሉ ጨምረን፣ ሎሚ ጨምቀን በትሪ ገለበጥነው። እሑድ ጠዋት ስነካው ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ እየዘለሉ ጮኹ፤ እኔም ደረቴ ተነፋ። ጣዕሙን አትጠይቂኝ፤ ስኳር የተደፋበት መረቅ ነበር። እነሱ ግን ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ጣታቸውን ላሱ።

ብርቅዬ ወዲያው ሮጣ ሸምሲያን አመጣቻት። ሸምሲያ ማለት ከሱቄ ጎን ጨርቅ ይሸጡ የነበሩት የስልጤው ሰውዬ የልጅ ልጅ ናት፤ አንቺ ስትሄጂ ታዝላ የነበረችው። ትልቁን ቁራጭ ሰጠናት። ልጅቱ አፏ ጋ አድርሳ ቆመችና ከምን እንደተሠራ ጠየቀች። ጠና ኮራ ብሎ ከበሬ እግር አላት። «ማን ያረደው?» አለች።

ልጄ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የእኛን ሥጋ እነሱ እንደማይበሉ፣ የእነሱን እኛ እንደማንበላ እኔ አጥቼው ነው? ስንት በዓል ለጎረቤት ለብቻ አሳርጄ፣ በሌላ ዕቃ አሠርቼ አብልቻለሁ። ከረሜላ ሆነና ዘነጋሁት። ሸምሲያ ቁራጩን ቀስ ብላ ትሪው ላይ መለሰች፤ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። «ሌላ ቀን እበላለሁ» ብላ ሄደች። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልተቆጣችም። ይህ ነው ይበልጥ የከነከነኝ።

ብርቅዬ የጎረሰችውን ተፋችው። ጠና ለእኛ ይበቃናል እያለ ሊያባብላት ሞከረ፤ አልሰማችውም። «ሸምሲያ የማትበላው ከረሜላ፣ ከረሜላ አይደለም» አለች። እኔም ከእሷ ጋር ተስማማሁ። የቀረውን ጠና ብቻውን በላው፤ ሆዱንም ብቻውን ታመመ።

መፍትሔው የመጣው ከገነቴ ነው። ታሪኩን ስነግራት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «ጋሼ፣ ቡላ እያለ በሬ ምን አደረገ?» አለችኝ። አየሽ፣ የእንሰት ቡላ በልቼ ያደግኩ የጉራጌ ልጅ፣ በየሳምንቱ ቡላ የሚሸጥበት ከተማ እየኖርኩ፣ ሙጫ ፍለጋ ጀርመን ድረስ መሄዴ። ቡላ ሲበስል እንዴት እንደሚያንጸባርቅ፣ እንዴት እንደሚያያዝ ረስቼ ነው? ሥሩ መሬት፣ ደም የለው፣ አራጅ አይፈልግ። የክርስቲያንም የሙስሊምም ነው። ገነቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከምርጡ አመጣችልኝ፤ ክፈል አላለችኝም።

ስኳራችን ግን አልቆ ነበር። የሚቀጥለው እደላ ደግሞ ገና ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሸምሲያ በር ላይ ቆመች፤ በአንድ እጇ ስኳር በጣሳ፣ በሌላው ንጹሕ ድስት። የቡላውን ነገር ከገነቴ ሰምታ እናቷ ናት የላከቻት። የድስቱ ነገር ገባኝ፤ የእኛ ድስት እግር ተቀቅሎበታል። አልከፋኝም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። አልመጣም ልትል ስትችል ድስት ይዛ መጣች።

በይ እንግዲህ ሥራ ተጀመረ። እኔ ከመቸኮሌ ቡላውን በፈላ ውኃ ላይ በተንኩትና ጓጎለ፤ ልጆቹ ጓጉሉን እየለቀሙ ሳቁብኝ። ገነቴ ማማሰያውን ከእጄ ቀማችኝና በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ተራ ገባን። ብርቅዬ እስከ ሃያ ታማስላለች፣ ሸምሲያ እስከ ሃያ፣ ጠና እስከ ሃምሳ፤ ወንድ ነኝ ብሎ። እኔ እስከ አሥር ሳልደርስ ክንዴ ዛለ። ነጩ ነገር ቀስ በቀስ ሲያበራ ሁሉም ድስቱን ከበቡ። በቀይ ሥር ጭማቂ አቀላነው፤ የብርቅዬ ቀሚስም አብሮ ቀላ። መቼስ አጥበዋለሁ ብዬ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ቅርጹን ያመጣው ጠና ነው። የለስላሳ ቆርኪ ያጠራቅም የለም? ያንን ሁሉ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ ደረደረ፤ እኛ በማንኪያ ሞላን። በነጋታው እየጫንን ስናወጣው ጠርዙ የተሸበሸበ፣ ቀይ፣ የሚለጠጥ ከረሜላ ሆኖ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ካንቺዎቹ ድቦች ይበልጣል። ሸምሲያ ዓይኗን ጨፍና በላች፤ ብርቅዬ ደግሞ አፍ አፏን እያየች ጠበቀች። «ይጣፍጣል» ስትል ነው የራሷን ያነሳችው። ድስቱን ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ ከረሜላ አድርገንበት ላክን። ገነቴም ለልጆቿ ወሰደች። እንደዚያን ዕለት የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ የእነጠና አባት ካረፈ ወዲህ ይህ ቤት እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

አሁን ጆሮሽን ስጪኝ። ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ብርቅዬ አንድ ከረሜላ በስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጋ፣ ብርጭቆ ደፍታበት ከፎቶሽ ሥር አስቀመጠች። የማን ነው አልኳት። «የእማዬ ነው። ስትመጣ ትበላዋለች» አለች። እማዬ አለች፣ ትርፊት፤ ማንም ሳያስተምራት። ጠና አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ያዝኩት። እኔ ራሴ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ፤ ጭሱ ነው አልኳቸው።

የቡላ ከረሜላ ግን ዕድሜ የለውም። በአራተኛው ቀን አላበው፣ ጎኑ ላይ ሻጋታ ታየ። ልጅቱ ካየችው ልቧ ይሰበራል ብዬ፣ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በትንሿ ድስት አንድ ማንኪያ ቡላ አማስዬ፣ በቆርኪ አውጥቼ፣ አሮጌውን ጥዬ ተካሁት። እሷ መጥታ ብርጭቆውን ጎንበስ ብላ አየችና ረክታ ሄደች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። ባለሙያ ሆኛለሁ፤ አንዲት ጓጉል አታገኚበትም። በልቤም ሕፃን ማታለል ቀላል ነው እል ነበር።

ትናንት የመቀየሪያው ቀን ነበር፤ እኔ ግን የቀበሌ ስብሰባ ይዞኝ ዋለ። ስመለስ ብርቅዬ ብርጭቆው አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማ ጠበቀችኝ።

«አባባ፣ ዛሬ አልቀየርከውም» አለችኝ።

ክው አልኩ። እንዴት አወቅሽ ብላት፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ትንሿ ድስት እርጥብ የሆነች ቀን ከረሜላው አዲስ እንደሚሆን ነገረችኝ። ከመጀመሪያው ታውቅ ኖሯል። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

«እንዳትተወው ብዬ» አለች።

እንግዲህ ፍረጂ፤ የረሳችሽ ልጅ ይህች ናት። እኔን ሽማግሌውን ሁለት ሳምንት ዘብ ጠብቃ ያንቺን ድርሻ አስከብራለች። ስለዚህ ትምህርትሽን ጨርሺ። በሰኔ ብትመጪ የምትመጪው ልጅሽን ፈርተሽ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብትመጪ ግን ወረቀትሽን ይዘሽ፣ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ነው። ልጅሽ አንቺን ለመጠበቅ አትሰለችም፤ ቀልዴን አይደለም።

እኔን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ናፍቀሽኛል፤ ይህን መጻፍ አልፈለግኩም፣ አንዴ ከወጣ ግን አልሰርዘውም። ሁለት ዓመት ለአንቺ ሁለት ዓመት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ግን ትንሽ ይረዝማል። ግድ የለም፣ አምላክ ያውቃል። ጠናንም ከዛሬ ጀምሮ ማማሰል ላስተምረው ነው፤ ምናልባት እኔን የማይመቸኝ ቀን ቢመጣ።

ገነቴ ሰላም ብላሻለች፤ የሸምሲያ እናትም እንዲሁ። ከክፉ ዓይን ከክፉ ቀን ይሰውርሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፤ የእናትሽ ጸሎት ቀድሞሽ ይሂድ፤ በልጆችሽ ደስ ይበልሽ፤ አሜን።

ልጨርስ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊመጡ ነው፤ የትናንቱ ገና አልተቀየረም፣ ቡላውም ተበጥብጦ እኔን እየጠበቀኝ ነው።

አባትሽ
ገብረወልድ