ሁለተኛውን ግማሽ አሰብ ያስቀሩ የነበሩት የአቶ ሣህሉ የሕይወት ታሪክ

በቅድሚያ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲፈለግ የከረመው የአቶ ሣህሉ ውድነህ ምላጭ በመነጽራቸው ማኅደር ውስጥ መገኘቱን ቤተሰቡ በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። የተጠረጠራችሁ ሁሉ ነፃ ናችሁ።

አቶ ሣህሉ ከአባታቸው ከአቶ ውድነህ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በ1924 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐይቅ ተወለዱ። ደሴ ተምረው በ1955 ዓ.ም. አሰብ ወደብ በመጋዘን ጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1958 ዓ.ም. ወይዘሮ ሐረገወይን ብዙነህን አግብተው ወርቅዬንና ቸሩን ወልደዋል።

ወደቡ ላይ የሚታወቁት ግን ለሾፌሮች በሚያውሷቸው መጻሕፍት ነበር። ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች በመጋዘኑ ጥላ ሥር፣ ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ ያየ ሁሉ ያ ጊዜ ይናፍቀዋል። የፍቅር ልብ ወለድ ለጠየቀ ስለ ንብ እርባታ ይጨምሩለታል፤ ታሪክ ለጠየቀ ስለ ከዋክብት። የካድሬ ጽሑፍ ብቻ ለሚያነበው ደግሞ ሳይጠይቅ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ያስታቅፉታል።

በ1969 ዓ.ም. ሀብቴ የሚባል ሾፌር የወንጀል ልብ ወለድ ተውሶ፣ ወረፋ ሲጠብቅ ጨርሶ፣ መልሶላቸው ወጣ። በዚያው ቀረ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አቶ ሣህሉ መጻሕፍቱን በምላጭ ከመሐል ይከፍሏቸው ጀመር። ሾፌሩ የፊተኛውን ግማሽ ይዞ ይወጣል፤ የኋለኛው ስሙ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይጠብቀዋል። ሾፌሮች በሚያርፉባት ሚሌ ላይ፣ ምሳ ቀርቦ፣ ገዳዩ ማነው በሚል ስንት ጠብ ተነሥቷል።

«ጋሼ፣ ገዳዩን ብቻ ሹክ ይበሉኝ» ይላቸዋል ሾፌሩ ይመር፣ ሞተሩን አስነሥቶ።

«ተመለስና አንብበው።»

«ደህናውን መጽሐፍ ግን ለምን ይቆርጡታል?»

«አልናገርም።»

ወይዘሮ ሐረገወይንም አሥራ አንድ ዓመት ጠይቀው ያገኙት መልስ ይኸው ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ኩላሊታቸው ታሞ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የወሰዳቸው ይመር ነበር። ጋቢና ሲገቡ አንድ መጽሐፍ ሰጣቸው። ገለጡት፤ ከመሐሉ ተቆርጧል። በቢላ ስለሆነ ጠርዙ አላማራቸውም።

«ሌላውስ?»

«አሰብ ነው፣ ጋሼ። ሲመለሱ።»

ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ቢያሰናብቷቸውም ቅዳሜ ሰኔ 18 ቀን 1980 ዓ.ም. አሰብ ገቡ። እሑድ ንጋት ላይ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ሳይጀምሩት፣ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

ስማችሁ መደርደሪያው ላይ ያለ አርባ አንድ ሾፌሮች፣ የቀራችሁን ወርቅዬ ታስረክባችኋለች። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን፤ የእርሳቸውንም ነፍስ እግዚአብሔር ጥላ ባለበት ያሳርፍልን።

ትናንት በግንዘቱ ሰዓት ይመር ሁለተኛውን ግማሽ አምጥቶ ከጎናቸው አኖረው።

«ልጄ፣ ይህ ለምንድን ነው?» አሉት ቄሱ።

«አልናገርም፣ አባ።»