ከመጸዳጃው በር ጎን የተሰቀለችው መርከብ

ሾንዬ፣ ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ደኅና ነኝ ብዬ ብጀምርልህ ውሸት ነው።

ስማይርና ከተማ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ግድግዳው ላይ ግን የመርከቧ ሥዕል የለም። የአየርላንዱ ቅድመ አያትህ፣ ካፒቴኑ፣ ጭነት ይዘው በደረሱበት አንድ ወደብ ለሠዓሊ ከፍለው ያሣሏት ያቺ ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ። እንግዳ ሲመጣ ገልብጠህ ጀርባዋን ታሳይ ነበር። ባሕር የበላው ሰው መቃብር ስለሌለው ቤተሰብህ ስሙን እዚያ ይጽፍ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከታች ካፒቴኑ ራሳቸው። የሳቸውን የጻፈችው ሚስታቸው ናት፤ መጨረሻው ላይ ቀለሙ ፈስሷል።

አንተ ከኮንየርስ ከተማ መጋዘኖች ጭነት የምታመላልስ የትራክ ሾፌር ነበርክ፣ ዋና እንኳ አትችልም ነበር። ቢሆንም ስሞት ከነሱ ሥር ጻፊኝ አልከኝ። የቱ ባሕር በላው ልበል ብዬ ሳቅሁብህ፤ ግን እሺ አልኩህ።

በአርባህ ልብስህን እንደ አገሬ ደንብ ለተቸገረ ሳከፋፍል የአጎትህ ልጅ ብራያን መጣ። ፍሬሙ በስብሷል፣ አሳድሼ አመጣዋለሁ አለኝ። ለቅሶ የመጣ ዘመድ ይዋሻል ብዬ እንዴት ላስብ? መርከቧ ታድሳ ስትመጣልኝ ስምህን እጽፋለሁ ብዬ በገዛ ነጠላዬ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ባለፈው ወር የሥራ ጓደኛዬ ሰብለ፣ ቻምብሊ ከተማ አዲስ የተከፈተ ዓሣ ቤት ወሰደችኝ። እጄን ልታጠብ ስሄድ መርከቧ ከወንዶቹ መጸዳጃ በር ጎን ተሰቅላለች። ፍሬሟ ላይ የፕላስቲክ ሸርጣን ለጥፈውባታል። ቦታው ሽንትና ያረረ ዘይት ይሸታል። አንዱ እጁን ሳይታጠብ ወጥቶ ከሥሯ ሰልፊ ተነሣ። ሰብለን ጠርቼ አሳየኋት።

ሰብለ ፖሊስ ኮል እናድርግ አለች። እኔ ግን ብራያን ጋ ደውዬ ለምን ሸጥካት አልኩት። ሥዕል እኮ ነው፣ ሬሳ አይደለም፤ ደግሞስ በእጅሽ አይደል የሰጠሽኝ አለኝ። እሱን ከተጸየፍኩት በላይ ራሴን ተጸየፍኩ፣ በእጄ ነዋ የሰጠሁት። የዓሣ ቤቱ ባለቤትም ደንበኞቼ ይወዷታል፣ አልሸጥም ብሎ ሸኘኝ።

ትናንት ብቻዬን ተመለስኩ። ሳያምረኝ ሾርባ አዘዝኩና መጸዳጃ ቤት የምሄድ መስዬ ገለበጥኳት። ስሞቹ አሉ። እዚያ ጀርባዋን ያየ ሰው የለም። ከካፒቴኑ ሥር በአማርኛ ጻፍኩህ፤ ሰው ሳይመጣ ብዬ ስለቸኮልኩ መስመሩ ትንሽ ተጣሟል። ሸርጣኑን ነቅዬ ሽንት ቤት ጣልኩት።

በየሙት ዓመትህ እዚያ ዓሣ ቤት እሄዳለሁ። አፍንጫዬን ይዤም ቢሆን እገለብጣታለሁ፤ ስምህን ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ሰው ቢሰማ ይስማ።

ሚስትህ